የሐረሪ ቋንቋ ትምህርት በሐረር

ሐረሪዎች ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን» ይሉታል፤ የከተማው ቋንቋ ማለት ነው። ከተማው በግንብ የታጠረው ጀጎል ነው፤ ራሳቸውንም «ጌይ ኡሱእ»፣ የከተማው ሰው፣ ይላሉ። ቋንቋው ከደቡብ ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች የሚመደብ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጢኛና የዝዋይ ደሴቶች ቋንቋ የሆነው ዛይ ናቸው። በመደበኛ ትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። ጌይ ሲናን ለማን፣ በምን ፊደልና በምን መለኪያ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የሁለትና የሦስት ቋንቋ ልጆችን ትምህርት በሚመለከት ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ውስብስብ ጉዳዮች አንዱ ነው።

ከትምህርት ቤት በፊት

ጌይ ሲናን ያለ ጽሑፍ የኖረ ቋንቋ አይደለም። የጀጎል ልጅ ከትውልድ ትውልድ ፊደል የሚቆጥረው በቁርኣን ቤት ነው፤ በዚያ የተማረውን የዐረብኛ ፊደልም ሊቃውንቱ ለራሳቸው ቋንቋ አውለውታል። «ኪታብ አል-ፈራኢድ» የተባለው ሃይማኖታዊ ድርሰት በዚህ አጻጻፍ ከደረሱን ቆየት ያሉ የሐረሪ ጽሑፎች አንዱ ነው። ጀርመናዊው ኤቫልድ ቫግነር በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የሐረሪ ጽሑፎችን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳትሟል። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ከወጣ በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ የቋንቋውን ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አያይዞ ነበር። ቮልፍ ሌስላው ደግሞ የሐረሪን ቃላት ምንጭ የሚመረምረውን መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1963 አበረከተ። ይህ ሁሉ ለምሁራን እንጂ ለሕፃናት የተጻፈ አልነበረም።

ሐረርን በኢትዮጵያ ማዕከላዊ መንግሥት ሥር ካስገባው የጨለንቆ ጦርነት (1879 ዓ.ም.) በኋላ አማርኛ ከአስተዳደሩ ጋር ገባ። ሐረሪ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆን በአዋጅ መጀመሪያ ያሰፈረው ወራሪው የጣሊያን መንግሥት ነው። በ1928 ዓ.ም. የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛት ሕግ ለሐረር ግዛት ሐረሪንና ኦሮምኛን መደበ። ዓላማው አማርኛን ማዳከምና ሕዝቡን መከፋፈል ስለነበረ ለቋንቋው እንደ ውለታ የሚቆጠር አይደለም። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ ስለ ሐረር ቋንቋና ታሪክ የጻፈው ጥናት ታተመ፤ ጸሐፊው ኋላ የሐረር ገዥ መሆኑ ዕውቀትና ሥልጣን በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደተቆላለፉ ያሳያል።

ከነጻነት በኋላ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውሎ አድሮ በአማርኛ ብቻ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 15 ቋንቋዎችን ሁሉንም በግዕዝ ፊደል ሲያስተምር ስልጢኛ ከዝርዝሩ ገባ፤ ታላቅ የጽሑፍ ቅርስ ያለው የቅርብ ዘመዱ ጌይ ሲናን ግን ቀረ።

ሦስት ፊደል በአንድ ከተማ

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የሐረሪ ክልል ሐረሪንና ኦሮምኛን የሥራ ቋንቋዎቹ አደረገ። ለሐረሪ የግዕዝ ፊደል ተመረጠ። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ይጻፋል። በውጭ አገር ከሚኖሩት ሐረሪዎች አንዳንዶቹ ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፤ ቁርኣን ቤቱ ዛሬም በዐረብኛ ነው። ስለዚህ የጀጎል ልጅ ገና በሕፃንነቱ ከቀኝ ወደ ግራም ከግራ ወደ ቀኝም ማንበብን ይለምዳል።

የግዕዝ ፊደል መመረጡ ልጁን ከአማርኛ ንባብ ጋር በቀላሉ ያገናኘዋል። በአንጻሩ ከአያቱ ኪታብም ከጎረቤቱ ቁቤም ያርቀዋል። በዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር ብዙውን ጊዜ ስለ ማንነት ነው፤ ለመምህሩ ግን ጣጣው የሚጀምረው ከድምፁ ላይ ነው። በአማርኛ «ሀ» እና «ሐ» አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈ ተማሪ ቃሉን አላበላሸም። በሐረሪ ግን «ሐ» የጉሮሮ ድምፁን ይዞ ቆይቷል፤ መቀያየሩ ስህተት ነው። ከአማርኛ ተገልብጦ የተዘጋጀ የፊደል መለኪያ ይህን ልዩነት ጭራሽ አይጠይቅም። የሚገርመው፣ ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ ልዩነቱን ከዐረብኛው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤቱ ያልጠየቀውን ዕውቀት ይዞ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

የአናባቢ ርዝመትም እንዲሁ ነው። በሐረሪም በኦሮምኛም አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል። በኦሮምኛ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚሉት ቃላት የሚለዩት በዚህ ብቻ ነው፤ ቁቤም አናባቢውን ደግሞ በመጻፍ ልዩነቱን ያሳያል። የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፉ ርዝመትን አያሳይም። ሐረሪን የሚጽፍ ሰው ወይ ምልክት መጨመር ወይ ለአንባቢው ግምት መተው ግድ ይለዋል። ጀማሪ አንባቢ ደግሞ ገና የሚገምትበት ልምድ የለውም።

የብቃት መለኪያ

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 183,415 ነዋሪ ኦሮሞ 56.41፣ አማራ 22.77፣ ሐረሪ 8.65 በመቶ ነበር። የሐረሪ ልጅ ሌላ ቋንቋ ሳይሰማ የሚያድግበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል፤ የአማርኛና የኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቹም ከገበያው ጌይ ሲናንን ይለቃቅማሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ቋንቋውን ከእናቱ የሰማና ከመንገድ የለቀመ ልጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ «የአፍ መፍቻ» የሚለው ቃል ሁለቱን እኩል አይገልጽም።

በ2002 ዓ.ም. በ338 ትምህርት ቤቶች 13,079 ተማሪዎችን ያካተተው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና በስድስት ቋንቋዎች ሲካሄድ አንዱ ሐረሪ ነበር፤ የተቀሩት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና ሲዳምኛ ናቸው። የምዘናው ውጤት በመላው አገሪቱ አሳሳቢ ስለነበር በአሜሪካው የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ድጋፍ አዲስ የንባብ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት ተዘጋጁ። የተመረጡት ግን ሰባት ቋንቋዎች ናቸው፤ ከአምስቱ ጋር ወላይትኛና ሀዲይኛ ተጨመሩ፣ ሐረሪ ወጣ። የተናጋሪ ቁጥር ሲታይ ምርጫው ይገባል። ትንሽ ቋንቋ ለመመዘን እንጂ ለመጽሐፍ አልበቃም ማለቱ ግን አስተያየት ይጋብዛል።

መለኪያን ከሌላ ቋንቋ የመገልበጥ ችግር በሩቅ አገርም ታይቷል። በአሜሪካ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች የቋንቋ መለኪያ ለረጅም ጊዜ ከእንግሊዝኛው ላይ ይተረጎም ነበር። የካሊፎርኒያ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ የአገሪቱን የጋራ መለኪያ ወደ ስፓኒሽ ሲመልሱ ትርጉሙ ብቻ እንደማይበቃ አይተው፣ እንግሊዝኛ የሌለውን የአነባበብ ምልክት በየክፍሉ የሚያስተምር ክፍል ጨመሩ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መሠረት ከጣሉት አንዷ፣ ምሁሯ ግሎሪያ ላድሰን-ቢሊንግስ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የልጁ የቤት ባህል የትምህርቱ መነሻ እንጂ እንቅፋት እንዳልሆነ ተከራክራለች።

በሐረር ይህ መነሻ ሩቅ አይደለም። ባህላዊው ቤት፣ ጌይ ጋር፣ በመግቢያው ክፍል ውስጥ ከፍታቸው የተለያየ «ነደባ» የተባሉ መቀመጫዎች አሉት። አሚር ነደባ፣ ጊዲር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባና ገብቲ ኤሒር ነደባ ይባላሉ፤ ጊዲር ትልቅ፣ ጢት ትንሽ፣ ሱትሪ የተሸሸገ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ከበር ኋላ ያለው ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ዕድሜ፣ ክብርና የእንግድነት ደረጃ ናቸው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ አንድ እንግዳ ከበር ገብቶ እስኪቀመጥ ያለውን በቅደም ተከተል እንዲጽፍ ቢታዘዝ ገለጻን፣ ምክንያትንና ውጤትን፣ የአክብሮት አነጋገርንም በአንድ ጊዜ ይለማመዳል። ፎቅ ቤት ስላለው ቤተሰብ በሚተርክ የተተረጎመ ምንባብ ይህን ማግኘት ይከብዳል። ዚክሪም እንዲሁ ነው፤ ልጆች በዜማ የሚያውቁት የቃል ሥነ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ በንባብ መለኪያ ውስጥ እንደ ጽሑፍ መነሻ የሚታሰበው ጥቂት ነው።

አድልዎ እንዳይመጣ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጀጎል ውስጥ ያልተወለደ ልጅ፣ ከገጠሩ ኤረር አቅጣጫ ከሚመጡት የኦሮሞ ገበሬ ቤተሰቦች ያለው ወይም የአማርኛ ተናጋሪው፣ ነደባን በስም ላያውቅ ይችላል። የባህል መለኪያ የአንዱን ቤት ለሁሉም ፈተና ካደረገ በተራው አድልዎ ነው። መውጫው እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን አቀማመጥ በየቋንቋው እንዲገልጽና ከጎረቤቱ ጋር እንዲያነጻጽር ማድረግ ይመስላል።

የ2015 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን እስከ ስድስተኛ፣ መካከለኛውን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አድርጎ አዋቅሯል፤ ልጆችም ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሌላ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ቋንቋ እንዲማሩ ይፈልጋል። ለሐረር ይህ አዲስ ሸክም አይደለም፤ ልጆቹ ቀድመውታል። ያልተሠራው ቋንቋዎቹ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ሲገናኙ የሚለካበት ዘዴ ነው። «ጋር» የምትለው ቃል በጌይ ሲናን ቤት ናት፣ በአማርኛ አብሮ መሆንን ታሳያለች። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያነብ ልጅ በአንዱ ቋንቋ የለመደው ዓይን በሌላው እንዳያስተው መማር አለበት፤ ከሐረሪው ወይም ከአማርኛው ፈተና አንዱ ብቻ ግን ይህን አይጠይቀውም።