«ተከታታይ» እና «ትይዩ»፦ የስፒከር ግንኙነት ስያሜዎች አመጣጥ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአንድ አዳራሽ የድምፅ መሣሪያ የተዘጋጀ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ለእርማት ቀርቦልን ነበር። «ሁለቱን ስፒከሮች በትይዩ ያገናኙ» ይላል። በረቂቁ የሠራው ባለሙያ ስፒከሮቹን በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ፊት ለፊት ሰቅሎ ሽቦውን ግን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው አስከትሎ ዘርግቶት አገኘነው። ሰውየው አማርኛውን በትክክል ተረድቶታል፤ «ከቤታችን ትይዩ» ስንል ከቤታችን ፊት ለፊት ማለታችን ነውና።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ቁጥሩን እንመልከት። እያንዳንዳቸው 8 ኦም የሆኑ ሁለት ስፒከሮች፣ ኮረንቲው በአንደኛው አልፎ ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ ከተያያዙ፣ ለአምፕሊፋየሩ እንደ 16 ኦም ይቆጠራሉ። ኮረንቲው ተከፍሎ ለየብቻ እንዲደርሳቸው ከተደረገ ግን 4 ኦም ይሆናሉ። በዚሁ በሁለተኛው መንገድ አራት ስፒከሮች ቢያያዙ 2 ኦም ብቻ ይቀራል፤ ከ4 ኦም በታች እንዳይጫንበት የተሠራ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ ይጠየቅና ትራንዚስተሮቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሁለት ሁለቱን አስከትሎ፣ ጥንዶቹን ደግሞ በሁለተኛው መንገድ ማያያዝ ድምሩን ወደ 8 ኦም ይመልሰዋል። በአዳራሹ የታየው ስሕተት ድምፁን ከማሳነስ ያለፈ ጉዳት አላደረሰም፤ የተገላቢጦሹ ቢሆን ኖሮ መሣሪያውን ሊያሳጣ ይችል ነበር።

ስያሜዎቹ ከስፒከር በፊት የነበሩ ናቸው። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ያስታወቀው ባትሪ የብረት ዝርግ በዝርግ ላይ የተደራረበበት ክምር ነበር። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1831 ባሳተመው ጥናት ክፍሎቹ ተከታትለው የተያያዙትን ባትሪ በ«ጥንካሬ»፣ ሌላውን በ«ብዛት» ስም ለይቶ ጠርቶታል። እንግዲህ እነዚህ ቀደምት ስሞች የሚገኘውን ውጤት እንጂ የሽቦውን አቀማመጥ አይናገሩም ማለት ነው። የአቀማመጥ ስሞች ቦታውን የያዙት በኋላ ነው። ኤዲሰን በ1882 በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና የከፈተው ጣቢያ ለአምፖሎቹ ኮረንቲውን ከፋፍሎ ሲያድል፣ የዚያ ዘመን እንግሊዝኛ አሠራሩን «ብዙ ቅስት» ይለው ነበር፤ ይህም ስም ቆይቶ ለ«ፓራለል» ስፍራውን ለቋል። ራይስና ኬሎግ በ1925 ዛሬ የምናውቀውን ባለጥቅል ስፒከር ሲያቀርቡ ቃላቱ ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር።

እዚህ ላይ የትርጉሙ ችግር ሥር ይታያል። «ፓራለል» ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «እርስ በርስ ጎን ለጎን» ማለት ነው። «ትይዩ» ግን የ«ታየ» ዘር በመሆኑ እርስ በርስ መተያየትን ያመለክታል። የግሪኩ ቃል ጎን ለጎን ያቆማል፣ የአማርኛው ፊት ለፊት ያቆማል። በጂኦሜትሪ ሁለቱ መስመሮች በሥዕል ስለሚታዩ አንባቢ አይሳሳትም። በኤሌክትሪክ ግን ወሳኙ ዕቃው የቆመበት ስፍራ ሳይሆን ኮረንቲው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ በአንድ ረድፍ የተሰቀሉ አሥር ስፒከሮች ሁሉም «ፓራለል» ሊሆኑ ይችላሉ።

ፈረንሳይኛ ይህንኑ ግንኙነት ከወንዝ ውኃን ቀይሶ ማውጣትን በሚያመለክት ቃልም ይጠራዋል። ገበሬያችን ይህን «ወንዝ ጠለፈ» ይለዋል፤ ምስሉ ያማረ ነው፣ ነገር ግን «ጠለፋ» በሌላ ወንጀል ስሙ የጠፋ ቃል ስለሆነ ልናቀርበው አልደፈርንም። ለጊዜው «የቅርንጫፍ ግንኙነት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ኮረንቲው መከፈሉን ይናገራልና። «ተከታታይ» ከተከታታይ ድራማ ጋር ቢጋራም ስለማያሳስት ባለበት ይቆይ። «ትይዩ» ለጂኦሜትሪ ይተው።

ሌላው ውዝግብ ከዚህ ይከፋል። «ድምፅ ማጉያ» አምፕሊፋየሩንም፣ ስፒከሩንም፣ አልፎ አልፎም ማይክሮፎኑን ይጠራል፤ «ድምፅ ማጉያውን ከድምፅ ማጉያው ጋር ያገናኙ» የሚል መመሪያ ማንን ይረዳል? በዚህ ጽሑፍ የውጭ ቃላቱን የያዝነውም ስለዚህ ነው። ሕዝቡ ግን አንዱን ለይቶታል፤ ከኢጣሊያ ፋብሪካ ስም የወጣው «ሞንታርቦ» በከተማው አፍ ትልቁ ስፒከር ከሆነ ቆይቷል። ከዚያው ከኢጣሊያንኛ የመጣው «ኮረንቲ» በመዝገበ ቃላት ከገባ፣ «ሞንታርቦ»ን የምናስቀርበት ምክንያት አይታየንም።