ዜና አለማየሁ እሸቴ ዘብሔረ ወሎ

በ1933 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጣልያን ደሴን በለቀቀበት ዓመት አለማየሁ እሸቴ በዚያችው ከተማ ተወለደ። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ፤ እቴጌይቱም የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋው ልጅ መነን ነበሩ። ከደሴ ወደ ሰሜን ሐይቅ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አበምኔቱም ዐቃቤ ሰዓት ይባል የነበረበት የእስጢፋኖስ ገዳም አገር ነው። ከሐይቅ ወዲያ አምባሰል ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ ይጠራል። ከዚህ ምድር ዘፋኝ ቢወጣ ማን ይደነቃል?

ሕፃኑ ግን ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ አደገ፤ ጆሮውም ከመሰንቆው ይልቅ ወደ ኤልቪስ ፕሪስሊ አዘነበለ። በጉብዝናውም ወራት ሆሊውድ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት ጠፍቶ ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያ መለሱት። መርከብ አግኝቶ ቢሆን ይህ ዜና ባልተጻፈም ነበር።

ከዚህም በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ኮሎኔል ረታ ደመቀ በፖሊስ ኦርኬስትራ እንዲዘፍን ጠሩት። ጠጉሩን አሳድጎ፣ እንደ አሜሪካኖች ለብሶ፣ በእንግሊዝኛ ያዜም ነበር። ሕዝቡ አብዝቶ የወደደው ግን አማርኛ መዝፈን በጀመረ ጊዜ ነው፤ ይህንንም ራሱ ይናገር ነበር።

ያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበረ። በፈረንጆች 1969 ዓ.ም. ግን አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ፣ የአባት ስም ቢገጥም ወንድሙ ያልሆነ፣ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ብሎ አዋጁን ጣሰ። መጀመሪያ ያወጣውም የአለማየሁን «ትማርኪያለሽ» ነው፤ ሸክላው በህንድ አገር ታተመ። ዜማውን ለባንድ ያቀናበረው ግርማ በየነ ነበረ። ሁለቱም በኋላ «አለም ግርማ» የተባለ ባንድ አቋቁመዋል። ሰው የአለማየሁን ጩኸትና ዝላይ ያወሳል፤ እኔ ግን ከክብሩ እኩሌታውን ለግርማ እሰጣለሁ፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ድምፁን ሳይሸፍኑት ያን ያህል እንዲጋልቡ ያደረገ እርሱ ነውና። እስከ ንጉሡ መውረድ ድረስ ብዙ ዘፈኖች በሸክላ ወጡለት።

ደርግም ነገሠ፤ የሰዓት እላፊም ታወጀ። አምሃ አሜሪካ ገባ፤ ግርማም ኋላ ተከተለ። አለማየሁ ከአገሩ አልወጣም፤ በሆቴሎች እየዘፈነ ኖረ። ለሰሜን ኮሪያው መሪ ለኪም ኢል ሱንግ ክብር በኮሪያ ቋንቋ ዝፈን ቢሉት ዘፈነ። ዜና ጸሐፊ የሚያስመሰግነውን ብቻ ጽፎ ይህን ሊያልፈው አይገባም፤ እምቢ ማለት ምን ያስከፍል እንደነበረም አንባቢ ያውቀዋል።

ከዘመናትም በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የቆዩትን ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» ብሎ ሲያሳትም 9ኛውን ቅጽ ለአለማየሁ ሰጠው። በ2000 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሊንከን ማዕከል፣ ዘፋኙ ማሕሙድ አሕመድም በተገኘበት፣ ከአሜሪካኖቹ ኢዘር ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነ። ሆሊውድ ሊሄድ የጠፋው ልጅ አሜሪካንን በአማርኛ ዘፈን ደረሰባት።

ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። አምሃ እሸቴም በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ ቀድሞት ዐርፏል።