የማይረጋ ደም ታሪክ

«የአባት ዕዳ ለልጅ» ይላል ያገራችን ሰው። ሂሞፊሊያ የተባለው የደም አለመርጋት ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ውርስ ነው። እናቲቱ ራሷ ሳትታመም ተሸክማው ልትኖር ትችላለችና፣ ነገሩ የሚገለጠው ልጁ ሲገረዝ ወይም ወድቆ ሲቆስል ደሙ አልቆም ያለ ዕለት ነው።

የጥንት ሰዎች ምክንያቱን ባያውቁም አካሄዱን አስተውለዋል። በታልሙድ የአይሁድ ሊቃውንት እንደ ደነገጉት፣ ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ በግርዛት ሳቢያ የሞቱበት ሕፃን አይገረዝም። በአውሮፓም ሕመሙ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘር በኩል ወደ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ዘልቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተወለደውን አልጋ ወራሽ አሌክሲን አሠቃይቷል። የንጉሠ ነገሥቱ ሀብት ለልጁ መድኃኒት ሊገዛ አልቻለም፤ መድኃኒቱ ገና አልነበረምና።

እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁዲት ፑል ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን ከቀዘቀዘ ፕላዝማ ለይቶ የማውጣትን ዘዴ አሳወቀች። በኋላ ግን ከብዙ ሰዎች ደም ተቀላቅሎ የሚዘጋጀው መድኃኒት በኤች አይ ቪ በመበከሉ፣ በ1980ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ለሌላ መከራ ተዳረጉ።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ፕሮቲኑን ከውጭ ከመስጠት ይልቅ የሕመምተኛው ጉበት ራሱ እንዲያመርተው ማድረግ ነበር። ጉዳት እንዳያደርስ ተደርጎ የተለወጠ ቫይረስ ጤናማውን ዘረ መል ተሸክሞ ወደ ጉበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የለንደንና የሜምፊስ ተመራማሪዎች፣ ይህን ሕክምና አንድ ጊዜ ብቻ የወሰዱ ስድስት የሂሞፊሊያ ቢ ሕሙማን ፕሮቲኑን ማምረት እንደ ጀመሩ ገለጹ። በ2022 ሄምጀኒክስ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዋጋውም 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ሆኖም ሕክምናው የሚደርሰው ለታካሚው እንጂ ለዘሩ አይደለም፤ የታከመ አባት ሕመሙን ለሴት ልጆቹ ማውረሱ አይቀርም።

እነሆ፣ ትናንት ገንዘብ ሳለ መድኃኒት ጠፋ፤ ዛሬ መድኃኒት ሳለ ገንዘብ ጠፋ። ከላቪንግተን ብዙ በማይርቀው የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልም ሆነ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሕሙማን የሚረዱት በአመዛኙ የዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽን በሚለግሰው የማርጊያ መድኃኒት ነው። እሱም ቢሆን የሚደርሰው ሕመሙ ለታወቀለት ልጅ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን በሚገረዝበት ባህላችን፣ «ከእናቲቱ ወገን ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ ወንድ አለን?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ወጪ የለውም፤ ሕይወት ግን ያተርፋል።