መጀመሪያ በፍላሽ ይሞከር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የጎረቤቴን ልጅ ላፕቶፕ ነገር ላጫውታችሁ።

ጊዜው ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። በወሩ 4ኛው ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። በሳምንቱ፣ ሲመሻሽ፣ ልጅቷ ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ማሽኑ ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ፣ ቲፒኤም 2.0፣ የለውም።

«ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ እዚህ ውስጥ ነው። ሊኑክስ ጫኚ አሉኝ። ግን የትኛውን?»

የትኛውን! ይህች ጥያቄ ስንቱን ከደጅ መልሳለች። እሷም ሦስት ሌሊት ስታነብ አድራ፣ አንዱ አርች፣ አንዱ ፌዶራ፣ አንዱ ደቢያን እያለ ጭንቅላቷን አዙሮታል።

የሊኑክስ ዓይነቶች ከየት እንደበዙ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊኑክስን ከርነል ጻፈ። ከርነል ልብ ነው። ልብ ብቻውን ግን አይራመድም፤ እጅና እግር፣ ዓይንና ጆሮ ይሻል። ያን ሁሉ ገጣጥመው የሚያድሉ ሰዎች ተነሡ፤ ዲስትሮ የምንለው ይኸው ነው። በ1993 ደቢያን ተወለደ። በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ፣ ያ በ2002 ጠፈር ደርሶ የተመለሰው፣ በደቢያን መሠረት ላይ ኡቡንቱን አቆመ። ለዓመታትም ሲዲው ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይላክ ነበር። ኢንተርኔት ብርቅ በነበረበት ዘመን ያ ፖስታ የከፈተውን በር ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞቃል። በ2006 ደግሞ ከኡቡንቱ ሊኑክስ ሚንት ወጣ።

«ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው» አለች፤ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

«አዎ ልጄ። አሁን አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ትሠሪበታለሽ?»

«አማርኛ እጽፋለሁ፤ ኢንተርኔት እከፍታለሁ።»

«ሲበላሽብሽስ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

«እርስዎን ነዋ!»

በቃ፣ ተመረጠ። እኔ የምሠራው በሚንት ነው። ጀማሪ ሰው ከጎኑ ያለ ሰው የሚያውቀውን ቢይዝ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ በሌሊት ሲቸግረው በሩን የሚያንኳኳበት ቤት አለውና። ለዚያ ማሽን ደግሞ ቀለል ያለው የሚንት ዓይነት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው፣ ይስማማዋል። ሜኑው ዊንዶውስ ላይ እንደለመደችው ከታች በስተግራ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ብትሆንና ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የምትውል ቢሆን ግን ዊንዶውሷን እንዳታጠፋ እለምናት ነበር፤ ያ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው።

አስቀድመን የመመረቂያ ጽሑፏን ወደ አንድ ፍላሽ ገለበጥን። ይህን ሳላይ ምንም አልነካም። ከዚያ ሚንትን በሌላ የ8 ጊጋባይት ፍላሽ አዘጋጅቼ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሣሁት። ሃርድ ዲስኩ አልተነካም፤ ሥርዓቱ በፍላሹና በራሙ ብቻ ይሠራል። ወደፊት ሊያስቸግር የሚችል ነገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ታየም። ዋይፋይ የለም! ልጅቷ አመድ መሰለች።

«ስልክሽን በገመድ ሰኪው» አልኳት። የስልኳን ዳታ ለላፕቶፑ አጋራን። የድራይቨር ማኔጀሩን ስንከፍት የዋይፋይ ካርዷን ለየ፤ ድራይቨሩን አወረድን፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ስም ተደረደረ። ድምፁን ሞከርን፣ ካሜራውን ሞከርን፣ ላፕቶፑን ከድነን ከፈትን። ሁሉም ደህና።

ቀጥሎ አማርኛ የምትጽፍበትን ፓወር ግዕዝን ፈለገች። እሱ የዊንዶውስ ነው። ሌላ የአማርኛ ኪቦርድ ጨመርንላት፤ የላቲኑን ፊደል በድምፁ ስትነካ ግዕዙ ይወጣል። ጽሑፏን በሊብሬኦፊስ ከፈትነው። ፊደሉ አንድም ሳይበላሽ መጣ፤ ሁለት ሠንጠረዥ ብቻ ከቦታው ተንሸራቷል። አየችው፣ ጎትታ አስተካከለችው። ያን ጊዜ ነው «ይጫን» ያለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጋሼ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

መጫን ጀመረ። እናቷ ለእራት በአጥር በኩል ተጣራች። «መጣሁ!» አለች፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣችም።