ጓዳ ያሉት ስድስተኛ ሰው

በዚህ የመገናኛችን መጽሐፍ ላይ አብዛኞቻችን የምንጽፈው ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ሽሮ ነው። እኔ ግን ባቾቼ ቅር ካላላችሁ የዝሆኔን ነገር ላንሳ። ሐኪም ሆኜ ብዙ ያበጠ እግር አይቻለሁ፤ ጥናት ማቀድ የተማርኩት ግን በኋላ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው።

ታሪኩ ከእኛ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦመን የተባለ ተመራማሪ የኢትዮጵያ ገበያዎች ላይ እየተገኘ እግሩ ያበጠ ሰው ቆጠረ። ቀዶ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ ደግሞ የበሽታውን ቦታ ከአፈሩ ጋር አስተያየው፤ ዝሆኔ የሚበዛው ቀይ አፈርና ብዙ ዝናብ ባለበት ደጋ ነበር። እዚህ ደጋ ላይ ጥፋቱ የትንኝ ሳይሆን በባዶ እግር የሚገባው የአፈር ብናኝ ነው ብሎ የተከራከረው እሱ ነው።

እኔም የገበያ ቆጠራ ወደድኩ። ርካሽ ነዋ! ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ አማካሪዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ገበያ የማይወጣውስ?" መልስ አልነበረኝም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የደብረ ኤልያስና የደምበጫ ጥናት ቤት ለቤት የተሠራ ነበር፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.3 በመቶው ዝሆኔ ነበረባቸው።

እኔም ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዱ ቤት "ስንት ሰው ይኖራል?" አልኩ። አባወራው "አምስት" አሉ። ቅጹን ሞልቼ ልወጣ ስል ከጓዳ ሳል ተሰማ። እህታቸው ነበሩ፤ በእግራቸው ምክንያት ከሰው ከራቁ ቆይተዋል።

"ልጄ፣ ጽፈሽ የምትሄጂ ነሽ ወይስ የምትመለሺ?" አሉኝ።

ቅጼ ላይ ለዚህ ቦታ አልነበረውም። "እማማ፣ እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። የተመለስኩት ሳሙና፣ ቅባትና ፋሻ ይዤ ነው። ጥያቄዬንም "ከቤት የማይወጣ ሰው አለ?" በሚል አሻሽዬ ያለፍኳቸውን ቤቶች እንደገና ዞርኩ። አበሌ አልቆ ነበር፤ የከፈልኩት ከኪሴ ነው።

በኋላ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ግማሾቹ ወዲያው የእግር እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አገኙ፤ የቀሩት ከአንድ ዓመት በኋላ። ሕመሙ የሚነሳባቸው በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ ሆነ፤ በሚጠብቁት ላይ 23.9። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም ደስ አለኝ። ያለዚያ ንጽጽር ሳሙናና ፋሻ መጥቀሙን በቁጥር ማሳየት እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን ተማሪዎቼ ወደ ውጤቱ ሠንጠረዥ ሲሮጡ አስቆማቸውና፣ የሚጠብቁት ሰዎች ያንን ዓመት እንዴት እንዳሳለፉት እጠይቃቸዋለሁ።