መተማ ላይ የሚበጠሰው ሐረግ

ካናዳ ውስጥ የሰው አያት እየፈለገ እንጀራውን የሚበላ ባለሙያ አለ። ቀልድ አይደለም። በሰዓት ሒሳብ ይከፈለዋል። ደንበኛው “የአባቴ አያት ከስኮትላንድ መጣ ይባላል፤ መንደሩን ግን የሚያውቅ የለም” ሲለው ተነሥቶ መዝገብ ቤት ይገባል። የኪውቤክ ካቶሊኮች የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ጽፈው አስቀምጠዋል። የሕዝብ ቆጠራው ቅጽ 92 ዓመት ሲሞላው ለማንም ይከፈታል፤ እ.ኤ.አ. የ1931ዱ ቆጠራ የተከፈተው በ2023 ነው። እንግሊዝ ድሆችና አሳዳጊ አጥ ናቸው ብላ በመርከብ ወደ ካናዳ እርሻዎች የላከቻቸው ከ100 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት እንኳ በተሳፋሪ ዝርዝር ላይ ስማቸው ይገኛል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ካናዳዊ ከሆኑት ወገኖቻችን መካከል በመተማ ወጥተው፣ በገዳሪፍ አልፈው፣ ካርቱም ላይ ቪዛ ጠብቀው የሄዱ ብዙ ናቸው። በ1970ዎቹ ቀይ ሽብርን፣ ጦርነትን፣ ኋላም የ1977ቱን ረኃብ የሸሸ ሰው በመቶ ሺዎች ሱዳን ገብቷል። የእነዚያ ስደተኞች ልጆች አድገዋል፤ ወልደዋል። እንደ ጎረቤቶቻቸው “እኛስ የማን ልጆች ነን?” ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እስቲ ቶሮንቶ የተወለደች አንዲት ወጣት በሐሳባችን እንሳል። አባቷ ከጭልጋ ተነሥቶ መተማን በእግሩ የተሻገረ ነው እንበል፤ አሁን በሕይወት የለም። ልጅቷ ባለሙያውን ቀጠረች። ሰውየው መጀመሪያ የሚያገኘው የስደተኛ ሰነድ ነው። የልደት ቀን፦ ጃንዋሪ 1። የአጎቷንም ቢያይ ጃንዋሪ 1። ቀኑን ለማያውቅ ስደተኛ ጸሐፊው የሚሞላለት ይህንኑ ነበር። ዓመቱም ቢሆን በእኛ አቆጣጠር ተነግሮ እንዳለ ተጽፎ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ተዛብቷል።

ቀጥሎ የስም ጣጣ ይመጣል። ካናዳዊው የተማረው የቤተሰብ ስም ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነው። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ ይለወጣል። “ካሣ ደስታ ዓለሙ” ቢባል ዓለሙ የሚባል ቤተሰብ የለም፤ አያትየው ናቸው። ሁለት ወንድማማቾች ሱዳን ላይ ሲመዘገቡ አንዱ አባቱ ላይ ቆሞ ሌላው እስከ አያቱ ከሄደ፣ ካናዳ ሲደርሱ በወረቀት ባዕድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። ሱዳን ውስጥ ሥራ ለማግኘት ስሙን የቀየረም አይጠፋም። በመጨረሻ ባለሙያው “ኢትዮጵያውያን የትውልድ መዝገብ የላቸውም” ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እኔን የምትቆጨኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

መዝገቡማ ነበረ፤ የተጻፈው በሰው ራስ ውስጥ ነው። በጎንደርና በጎጃም ደጋ ልጅ ሲዳር እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር ይጣራል። ከጋብቻው ይልቅ የከረረው ግን የርስቱ ቆጠራ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይጠየቃል። ወደ ላይ ሲቆጠር ሰባተኛው እርከን ላይ ማንኛችንም 128 አያቶች አሉን። ያን ሁሉ የሚሸከም ሰው የለም፤ መሬት ያለበትን መስመር ይይዛል፣ ሌላውን ይረሳል። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ርስት ጠያቂው ቆጠራ አዋቂ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ይደግስላቸዋል፣ ያባብላቸዋል፣ ዳኛ ፊት ይዟቸው ይቀርባል። የዚያኛው ወገንም የራሱን አዋቂ ይዞ ስለሚመጣ ቆጠራው በክርክር ይፈተናል። (አንዳንዴም በክርክር ይወለዳል፤ ካናዳም ቢሆን ልዑል አያት ካላገኘህልኝ የሚል ደንበኛ የሚጠፋ አይመስለኝም።)

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ አዋጅ ነው፤ እሱን የሚነቅፍ አንደበት የለኝም። ሳያስበው ግን የእነዚያን ሽማግሌዎች ሥራ ዘጋ። አያት ቆጥሮ መሬት ማግኘት ሲቀር ልጅን ቁጭ አድርጎ የሚያስቆጥር ምክንያት ቀነሰ። ስደቱም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ቆጠራውን መውረስ የነበረበት ወጣት መተማን ሲሻገር፣ አዛውንቱ ደግሞ “ማን ይጠይቀኛል?” ብለው ዝም አሉ።

ወረቀት ለሚወድ ሰው የጎንደር አድባራት የብራና መጻሕፍት አሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተካሄደ የመሬት ሽያጭ ከሻጭ፣ ከገዢና ከምስክሮች ስም ጋር በባዶ ገጾቻቸውና በኅዳጋቸው ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ዶናልድ ክራሚና የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪዎች ብዙውን አጥንተውታል።

ወደ ቆላው ሲወረድ ግን ይህም የለም። ደጋ ላይ እንግዳ “የማን ልጅ ነህ?” ይባላል፤ መተማ ላይ “ከየት መጣህ?”። አገሩ ከጥንት ከነበሩት ጉሙዞች ሌላ የመጤ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ያለፈበት እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ያገኘው ከዳርፉር መጥተው የሰፈሩ ተክሩሮችን ነው። ገበያው ቡናና ሰም ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። በዚያ ገበያ የተሸጠ ልጅ ከሰንሰለቱ ጋር አዲስ ስም ይሰጠዋል። የእሱን የልጅ ልጅ አያት ፍለጋ የትኛውም ባለሙያ አይጨርሰውም። በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለው የደርቡሽ ጦር ማርኮ የወሰዳቸው ሴቶችና ልጆችም ዛሬ የሱዳናውያን ቅድመ አያቶች ናቸው።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያው መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። የእሳቸውን ሐረግ የማይቆጥር የታሪክ መጽሐፍ የለም፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። አብሯቸው የወደቀው ባላገር ግን ስሙ በቤቱ ካልተነገረ የትም አይነገርም። ከዚያ በኋላ ድንበሩ በ1894ቱ ውል ተሠመረና ገላባት ወዲያ ማዶ ቀረች። የሰሊጥና የጥጥ ሠራተኛው በየክረምቱ ይወርዳል፤ አንዳንዱም እዚያው ይቀራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ ደግሞ ከደጋ ብዙ አባወራ ወደ መተማና ወደ ቋራ አወረደ። እዚያ የተወለዱት ልጆች አድገዋል፤ አያቶቻቸው ደጋ ላይ ቀርተዋል። ሐረጉ እንዲበጠስ ካናዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

በዚሁ ቆላ በእግራቸው ወርደው ሱዳን የገቡ ቤተ እስራኤላውያንም አሉ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8 ሺህ የሚሆኑት ተወስደዋል፤ በመንገድና በካምፕ ወደ 4 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ጎንደር ለቀሩት ዘመዶቻቸው “የእናትህ እናት ማን ናት?” የሚለው ጥያቄ ለዓመታት የቪዛ ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። ሽማግሌ ፈልጎ ሐረግ ማስቆጠር እንደገና እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

አያት ቆጠራ ስል አሁን የለመድነውን ዘር ቆጠራ ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በዚሁ በምዕራብና በማዕከላዊ ጎንደር ሰው አማራና ቅማንት ተባብሎ ሲጋደል፣ የተጋደሉት ተጋብተውና ተዋልደው የኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ከ128ቱ አያቶቹ ግማሹን እንኳ በቅጡ የቆጠረ ሰው ሌላውን ወገን ሳያገኝ የሚቀር አይመስለኝም።

የቶሮንቶዋ ልጅ ምራቋን ለዘረመል ምርመራ ብትሰጥ “ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ” የሚል መልስና ምናልባት ዋሽንግተን የሚኖር የሩቅ ዘመድ ታገኛለች። የሚያደርሳት ጥያቄ ሌላ ነው፦ የአባቷ መንደር ታቦት ማን ነው? የአባቷ የክርስትና ስምስ? ከዚያ የሚቀጥለው ሰው ፍለጋ ነው። በ1967 ዓ.ም. 30 ዓመት የሞላው ቆጠራ አዋቂ ዛሬ ከ80 አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ውጊያ መንገዱን አክብዶታል፤ ስለዚህ በስልክ ይሁን። አማርኛው እንዳይከዳት አንድ ዘመድ ከጎኗ ይቀመጥ። ሽማግሌው ሲጀምሩም አታቋርጣቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከዋናው አባት ነው፤ እከሌ እከሌን ወለደ እያሉ ሲወርዱ እሷ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅባቸዋል።