የመርከብ ራዳር በዝናብ ወቅት የባሕር ማዕበልን የሚለካበት ዘዴ

በሐምሌና በነሐሴ ወራት ወደ አዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት የሚቃረብ አውሮፕላን በአፍንጫው ውስጥ በተገጠመለት ራዳር ከፊቱ ያለውን የዝናብ ደመና ይቃኛል። በዚያው ወቅት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚጓዝ መርከብም ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ተመሳሳይ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ራዳር ይጠቀማል። ለአውሮፕላኑ ዝናቡ ተፈላጊ መረጃ ነው፤ ማዕበል ለሚለካው መርከብ ግን መረጃውን የሚሸፍን እንቅፋት ነው።

ለአገራችን ያለው ፋይዳ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም፣ በ1956 ዓ.ም. ከተመሠረተው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት ጀምሮ ሰንደቅ ዓላማዋን የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች ወደብ ከወደብ ሲያገናኙ ቆይተዋል። በቢሾፍቱ አካባቢ ባቦጋያ በሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ የሚመረቁ መሐንዲሶችም በልዩ ልዩ አገሮች መርከቦች ላይ ይሠራሉ፤ ከእነዚህም መካከል የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንኖች ራዳርን ጨምሮ የመርከቡን ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ይንከባከባሉ። በእኛ ክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው የሞንሱን ነፋስ በዓረቢያ ባሕር ላይ ብርቱ ማዕበል ያስነሣል፤ ወደ ሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ሲደርስም ከባድ ዝናብ ያዘንባል። ትክክለኛው ልኬት በእጅጉ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው።

ራዳሩ ማዕበልን እንዴት ይለካል?

ነፋስ በባሕሩ ገጽ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ጥቃቅን ሽክሽኮች ይፈጥራል። የራዳሩን ምልክት መልሰው የሚልኩት እነዚህ ናቸው። ትልልቆቹ ማዕበሎች ሽክሽኮቹን ስለሚያዘነብሉና ከኋላቸው ያለውን ስለሚጋርዱ፣ በስክሪኑ ላይ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ይታያሉ። አንቴናው በ2 ሰከንድ ገደማ አንድ ዙር ሲያጠናቅቅ አንድ ምስል ይመዘገባል። ተከታታይ ምስሎች በኮምፒውተር ሲተነተኑ የማዕበሉ አቅጣጫ፣ ርዝመትና የመመላለሻ ጊዜ ይታወቃል።

ጥልቅ ባሕር ላይ እነዚህ መጠኖች በቋሚ የፊዚክስ ሕግ የተሳሰሩ ናቸው፤ ለምሳሌ በየ10 ሰከንዱ የሚመላለስ ማዕበል ርዝመቱ 156 ሜትር ያህል ነው። ይህን ሕግ የማይከተል ምልክት እንደ ሁከት ይለያል። የማዕበሉ ከፍታም በዋናው ምልክትና በሁከቱ መካከል ካለው ንጽጽር ይሰላል።

ዝናብ የሚያስከትለው ችግር

አንደኛ፣ በአየር ላይ ያሉ ጠብታዎች ራሳቸው ምልክት ስለሚመልሱ በማዕበል የተጋረዱት ጨለማ ስፍራዎች ብሩህ ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ዝናቡ የራዳሩን ኃይል ስለሚያዳክም ከዝናቡ ባሻገር ያለው ባሕር ይደበዝዛል። ሦስተኛ፣ ጠብታዎቹ የባሕሩን ገጽ ሲመቱ በነፋስ የተፈጠሩትን ሽክሽኮች ይለውጣሉ። ውጤቱም የተሳሳተ የነፋስ ፍጥነትና የማዕበል ከፍታ ሊሆን ይችላል።

የመፍትሔ አማራጮች

• ዝናብ ያጠቃውን ምስል መለየት፦ ጨለማ ነጥቦች ከተለመደው መጠን በታች ሲያንሱ ሥርዓቱ ምስሉን ይጥላል፤ ወይም ዝናብ ያልነካውን ማዕዘን ብቻ ይጠቀማል።

• በምሳሌዎች የሠለጠኑ የኮምፒውተር ስሌቶች፦ በዝናብ የተበላሸውንና ንጹሑን የምስል ክፍል ለመለየት ያገለግላሉ።

• በ10 ሳንቲ ሜትር ሞገድ የሚሠራ ራዳር፦ ከጠብታዎች የሚመለሰው ምልክት ከ3 ሳንቲ ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር በመቶ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። በዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት መሠረት ጠቅላላ ቶኔጃቸው 3,000 እና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች በመርሕ ደረጃ ይህን ራዳር በተጨማሪ ይይዛሉ። ሆኖም የማዕበል መለኪያ ሥርዓቶች በብዛት የተዘጋጁት ለ3 ሳንቲ ሜትሩ ነው።

ሊስተዋል የሚገባው

በራዳሩ ላይ ያለው የዝናብ ማጣሪያ ለተረኛው መኮንን ሌላ መርከብን ለመለየት ይጠቅማል። ለማዕበል ልኬት የሚያስፈልገው ግን ያልተጣራው ምልክት ነው። በመሆኑም ሁለቱ አገልግሎቶች ተለያይተው መገናኘት ይኖርባቸዋል። በዝናብ ወቅት ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር ብቻውን ለውሳኔ መነሻ ሊሆን አይገባም፤ ከአየር ትንበያ፣ ከመርከቡ እንቅስቃሴና በዓይን ከሚደረግ ምልከታ ጋር ሊመሳከር ይገባል። ፍጥነት ለመቀነስም ሆነ አቅጣጫ ለመቀየር የሚወሰነው ውሳኔ የባሕረኞችን ሕይወትና የጭነቱን ደኅንነት የሚመለከት ነውና።